በፍጥነት ጊዜ የሚነሣ ንዝረት፦ የአንድ ሞተር ብስክሌት ሕመም በፊዚክስ ዓይን

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ብሂል። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ግን በሽታውን ሳይሸሽግ ደጋግሞ ተናግሮ ሰሚ ስላጣ ሰው ነው። ሰሚ ካልሆኑት መካከል የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንዱ ስለነበርኩ፣ ጽሑፉን እንደ ትምህርትም እንደ ኑዛዜም አድርጎ መውሰድ ይቻላል።

የቤተ ሙከራ ረዳታችን የሆነው ወጣት በየሳምንቱ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ወረታ የሚኖሩትን እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። መጓጓዣው 150 ሲሲ የሆነ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ነው። ብስክሌቱ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ እንከን ይጓዛል። 70ን ሲያልፍ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። 80 ላይ ሲደርስ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው መኪና ቅርጹ ይጠፋል፤ የእግር መርገጫውና መቀመጫውም አብረው ይናወጣሉ። ወጣቱ ወረታ ሲደርስ ጣቶቹ ከመደንዘዛቸው የተነሣ የፍሬኑን እጀታ መጨበጡን የሚያረጋግጠው በእጁ ሳይሆን በዓይኑ እንደነበረ አጫውቶኛል።

ወጣቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ጋራዥ «ቫልቮላው ነው» ብሎ አስተካከለለት። ሁለተኛው የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ለወጠ። ሦስተኛው ካቴናውን ከነኮሮናውና ከነፒኞኑ በአዲስ ተካ። የሁለት ወር ደመወዙ በዚህ መንገድ አለቀ፤ ንዝረቱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ለሁሉም የነገራቸው ቃል አንድ ነበር፦ «ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እንደ እስትንፋስ ነው።» ይህን ቃል ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በመጨረሻ ለእኔ ሲያዋየኝ፣ በኮሪደር ላይ ቆሜ «ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ነዛሪ ነው፤ የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች አጥብቃቸው» አልኩት። በዚያው ሳምንት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የንዝረትን ምዕራፍ እያስተማርኩ ነበር። መልሴ ስሕተት ነበር። ስሕተትነቱ እንዴት እንደተገለጠ ቀጥለን እንመለከታለን።

ንዝረትን መጠየቅ

ንዝረት ማለት አንድ አካል በዕረፍት ሥፍራው ዙሪያ ወዲያና ወዲህ የሚያደርገው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረን መጠን ድግግሞሽ ሲባል፣ መለኪያውም ሄርዝ ነው፤ አንድ ሄርዝ በሰከንድ አንድ ምልልስ ማለት ነው። ከዕረፍት ሥፍራው የሚርቅበት ከፍተኛ ርቀት ደግሞ ስፋት ይባላል።

ሰው ስለ ንዝረት ሲያማርር ዘወትር የሚናገረው ስለ ስፋቱ ነው፤ «በጣም ይንቀጠቀጣል» ይላል። ስፋቱ ግን የሕመሙን ብርታት እንጂ ምንጩን አይነግረንም። ምንጩን የሚነግረን ድግግሞሹ ነው። በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ የሚሽከረከር እያንዳንዱ አካል የራሱ የሆነ ድግግሞሽ አለውና፣ ድግግሞሹን ያወቀ ሰው የተጠርጣሪውን ማንነት ወደ ማወቁ ተቃርቧል።

እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹን እንዘርዝር። መጀመሪያ የጎማዎቹን ዙሪያ መለካት ያስፈልጋል። በጎማው ላይና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ ሰው በላዩ እንደተቀመጠ ብስክሌቱን እየገፋን ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ድረስ የሄደውን ርቀት በሜትር ለካን። ሰው እንዲቀመጥበት ያስፈለገው ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ስለሚጎብጥ ነው። የፊተኛው 18.7 ሜትር፣ የኋለኛው 19.3 ሜትር ተጓዘ። ስለዚህ የፊተኛው ዙሪያ 1.87 ሜትር፣ የኋለኛው 1.93 ሜትር ነው ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22.2 ሜትር ስለሆነ፣ ይህን ለዙሪያው ማካፈል ብቻ ይበቃል። ውጤቱ የሚከተለው ነው።

የፊት ጎማ፦ 11.9 ሄርዝ።
የኋላ ጎማ፦ 11.5 ሄርዝ።
ካቴና፦ የኋላው ኮሮና 43 ጥርስ፣ ካቴናው 118 ዘለበት ስላላቸው፣ ካቴናው አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረው በሰከንድ 4.2 ጊዜ ነው።
የካቴናና የኮሮና ጥርስ ግጥሚያ፦ 43 ሲባዛ በ11.5፣ ማለትም 495 ሄርዝ ገደማ።
ሞተር፦ በመጨረሻው ማርሽ በዚህ ፍጥነት በደቂቃ 7,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም 117 ሄርዝ ገደማ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ቁጥሮች አስተውል። 12 ሄርዝ እጅን የሚያናውጥ መንቀጥቀጥ ነው፤ 117 ሄርዝ ግን እንደ ንብ የሚያጉረመርም ስሜት እንጂ መናወጥ አይደለም። ወጣቱ «ይንቀጠቀጣል» ሲል «ያጉረመርማል» አለማለቱ ብቻ የእኔን የኮሪደር መልስ ለመጠራጠር በቂ ነበር።

ለምን በፍጥነት ጊዜ ብቻ?

ሕመሙ በዝግታ ጉዞ ላይ ተሰውሮ በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚገለጠው ለምንድን ነው? ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው በሚሽከረከር አካል ላይ ያለ የክብደት መዛነፍ የሚፈጥረው ኃይል ነው። በጎማው አንድ ወገን ላይ ትርፍ ክብደት ካለ፣ ያ ትርፍ ጎማውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። የመጎተቻው ኃይል ትርፍ መጠነ ቁሱ፣ ከማዕከሉ ያለው ርቀትና የማዕዘን ፍጥነቱ ካሬ ተባዝተው የሚገኝ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከኋላ ጎማ ማዕከል 28 ሳንቲ ሜትር ርቆ 60 ግራም ትርፍ ቢኖር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ 22 ኒውተን፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት የሚያህል ኃይል ይፈጥራል። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 80 ሲደርስ ኃይሉ በእጥፍ አያድግም፤ አራት እጥፍ ሆኖ 88 ኒውተን ይደርሳል። ይህ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ጭነት በየሰከንዱ ከ11 ጊዜ በላይ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚያላጋው ይቆጠራል። ለዚህ ሁሉ መነሻው ከጥቂት የቤት ቁልፎች የማይበልጥ 60 ግራም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሬዞናንስ ነው። ማንኛውም እንደ ስፕሪንግ በሚተጣጠፍ ነገር ላይ የተቀመጠ አካል ሲነካ የሚወዛወዝበት የራሱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ይህን ያውቃል፤ በዥዋዥዌው ምልልስ ልክ ከገፋ በትንሽ ጉልበት ብዙ ያስወነጭፋል። በብስክሌታችን ላይ ስፕሪንጉ በአየር የተሞላው ጎማ ሲሆን፣ በላዩ የተቀመጠው አካል ደግሞ ቸርኬው፣ አክሰሉና አብረዋቸው ከአሞርዛተሩ በታች የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ናቸው። ለግምት ያህል ጎማው በአንድ ሚሊ ሜትር ለመጎበጥ 100 ኒውተን የሚፈልግ፣ በላዩ ያለውም መጠነ ቁስ 16 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ የጥንካሬውን መጠን ለመጠነ ቁሱ አካፍለን ስኩዌር ሩቱን በማውጣትና በሁለት ፓይ በማካፈል 12.6 ሄርዝ እናገኛለን። ዙሪያው 1.9 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ በሰከንድ 12.6 ጊዜ የሚዞረው በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ነው። ወጣቱ ሕመሙ የሚበረታበት ነው ያለው ፍጥነት ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ሁለቱ ምክንያቶች ሲተባበሩ የሚሆነውን በቁጥር እንይ። የንዝረት ማርገቢያውን ለጊዜው ብንተወው፣ ከሬዞናንሱ ፍጥነት ግማሽ ላይ ያለው የንዝረት ስፋት አንድ ቢሆን፣ በ90 በመቶው ላይ የሚኖረው 13 ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በእጥፍ እንኳ ሳያድግ ንዝረቱ 13 እጥፍ አደገ ማለት ነው። በእርግጥ የጎማው ላስቲክና አሞርዛተሩ ጉልበቱን ስለሚያረግቡት ዕድገቱ ያን ያህል አይደርስም፤ ነገር ግን «እስከ 60 ድረስ ምንም የለም፤ ከ70 በኋላ ድንገት ይመጣል» የሚለው አነጋገር ከዚህ የተነሣ ነው። ድንገት የመጣ ነገር የለም፤ የነበረው ተጋነነ እንጂ።

ይህ ጉዳይ የመሐንዲሶችን አእምሮ ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀ ነበር። ስኮትላንዳዊው ራንኪን እ.ኤ.አ. በ1869 ስለሚሽከረከሩ ዘንጎች ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ዘንግ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በጤና ሊሽከረከር አይችልም ብሎ ደምድሞ ነበር። ስዊድናዊው ደ ላቫል ግን የእንፋሎት ተርባይኑን በቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ ላይ ሠርቶ፣ ያንን ፍጥነት አልፎ ያለ ችግር መሥራት እንደሚቻል በተግባር አሳየ። ጀርመናዊው ፎፕል እ.ኤ.አ. በ1895፣ አየርላንዳዊው ጄፍኮት ደግሞ በ1919 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዱ። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ታላቅ ሊቅም ቢሆን መላምቱን በሙከራ ፊት ማቆም አለበት። የኮሪደር መልስ የሰጠ መምህርማ ምን ይባላል!

ሦስቱ የመንገድ ላይ ፈተናዎች

መፍቻ ከማንሣት በፊት መንገድ ላይ የሚደረጉ፣ አንዳች ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ፈተናዎች አሉ። ሁሉም የሚሠሩት ቀጥ ባለ፣ በደረቀና ሰውም ተሽከርካሪም በሌለበት መንገድ ላይ፣ የራስ ቁር አድርጎ፣ የጎማ አየርና የፍሬን ሁኔታ አስቀድሞ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

አንደኛው ፈተና የፍሪሲዮን ፈተና ነው። ንዝረቱ በሚሰማበት ፍጥነት ላይ ነዳጅ መስጫውን ለቅቆ ፍሪሲዮኑን መያዝ ነው። የሞተሩ ዙር ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ጎማዎቹ ግን በነበሩበት ፍጥነት ይዞራሉ። ንዝረቱ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ሞተሩ ነው፤ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የማርሽ ፈተና ነው። በዚያው ፍጥነት አንድ ማርሽ ቀንሶ መጓዝ ነው፤ የሞተሩ ዙር አምራቹ ከፈቀደው ጣሪያ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል። የሞተሩ ድግግሞሽ ይለወጣል፤ የጎማው አይለወጥም። ንዝረቱ በሰዓት ኪሎ ሜትሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ተጠርጣሪው ጎማ ነው፤ በሌላ ፍጥነት ላይ ከታየ ተጠርጣሪው ሞተር ነው።

ሦስተኛው ፈተና ብስክሌቱን በመሐል መቆሚያው አቁሞ፣ ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ የሞተሩን ዙር ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነው። ያው ንዝረት ቆሞም ከተሰማ ከጎማው ጋር ጉዳይ የለውም።

ወጣቱ ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ ፈጽሞ መጣ። ፍሪሲዮኑን ሲይዝ ንዝረቱ አልጠፋም። ማርሽ ሲቀንስ ከ80 ንቅንቅ አላለም። ቆሞ ሞተሩን ሲያስጮኽ ከማጉረምረም በቀር መናወጥ አልነበረም። የእኔ መላምት በሦስት ማስረጃ ወደቀ። ከቫልቮላው ማስተካከያ ጋር የእኔም ምክር ዋጋ ቢስ ሆነ።

የእጅ ስልክ እንደ መለኪያ መሣሪያ

በውጭ አገር የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ ውድ ከመሆኑ የተነሣ በመዝገብ ተፈርሞ የሚወሰድ ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ዘመናዊ ስልክ ውስጥ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ አለ። በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው «ፊፎክስ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይህን መለኪያ በማንበብ የንዝረቱን ድግግሞሾች በሥዕል ያሳያል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል። ስልኩ በብስክሌቱ አካል ላይ በሚያጣብቅ ፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ መታሰር አለበት፤ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ የሚለካው የጨርቁን እንቅስቃሴ ነው። ምዝገባው ከመነሣት በፊት ተጀምሮ የሚነበበው ከቆሙ በኋላ ነው፤ እየነዱ ስልክ መመልከት ከማንኛውም ንዝረት የከፋ አደጋ ነው። ልኬቱም አጭር መሆን ይገባዋል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የኃይለኛ ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት የስልኩን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ስልኩ በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ የሚለካ ከሆነ በትክክል ሊያሳየን የሚችለው እስከ 50 ሄርዝ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ጭምብል አጥልቆ ይመጣል፤ የሞተራችን 117 ሄርዝ በ17 ሄርዝ ላይ ሊታይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው በሌለ ተጠርጣሪ ላይ ይፈርዳል። መፍትሔው በሁለት ማርሽ መለካት ነው፤ በማርሽ ለውጥ የሚንቀሳቀሰው ጫፍ የሞተሩ ነው።

የእኛ ምዝገባ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ከ11 እስከ 12 ሄርዝ ባለው መካከል አንድ ሰፊ ጉብታ አሳየ። በ4.2 ሄርዝ ላይ ግን ምንም አልነበረም። አዲሱ ካቴና ያለ ጥፋቱ የተገዛ፣ አሮጌው ያለ ጥፋቱ የተጣለ ነበር።

«ይመጣል፣ ይሄዳል»

ቀሪው ጥያቄ ከሁለቱ ጎማዎች የትኛው ነው የሚል ነበር። በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለው የድግግሞሽ ልዩነት ከግማሽ ሄርዝ ያነሰ ነው። የጉዞ ፍጥነት በሰዓት በአንድ ኪሎ ሜትር ሲወላወል የጎማው ድግግሞሽ በ0.15 ሄርዝ ስለሚቀያየር፣ ሁለቱ ጫፎች ተደባልቀው አንድ ሰፊ ጉብታ ሆኑ። ስልኩ ሊለያቸው አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ነው የወጣቱ ቃል ትዝ ያለኝ፦ «ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እንደ እስትንፋስ ነው።»

ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክሥተት በጆሮው ያውቀዋል። ሁለት አውታሮች ተቀራራቢ ነገር ግን ያልተስማማ ቅኝት ሲኖራቸው፣ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ይጎላል፣ አንድ ጊዜ ይደክማል። የሁለቱ ንዝረት አብሮ ሲገፋ ይደመራል፤ ተቃራኒ ሲሆን ይጣፋል። የመጉላትና የመድከሙ ድግግሞሽ የሁለቱ ድግግሞሽ ልዩነት ነው። እንግዲህ ንዝረቱ እንደ እስትንፋስ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ የታመመው አንድ ጎማ ሳይሆን ሁለቱም ናቸው ማለት ነው!

ግምቱን በቁጥር መፈተን ይቻላል። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ጊዜ አብረው ከገፉ በኋላ እንደገና አብረው የሚገፉት፣ ትንሹ ጎማ ከትልቁ አንድ ዙር ሲቀድም ነው። በ1.87 እና በ1.93 ሜትር ሲሰላ ይህ የሚሆነው በየ60 ሜትሩ ነው። በፍጥነት ላይ የተመሠረተ አለመሆኑን ልብ እንበል፤ 75 ቢነዳም 85 ቢነዳም፣ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 50 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። ወጣቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ በፎገራ ሜዳ ላይ 3 ኪሎ ሜትር እየቆጠረ ነዳ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገብቶ፣ «ዶክተር፣ አርባ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ አንዱን ፍየል አሳስታኝ ይሆናል» አለኝ። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያስደሰተኝ የልኬት ውጤት ጥቂት ነው። ሦስት ጋራዦችና አንድ ዶክተር ችላ ያሉት ቃል ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

ከምርመራ ወደ ሕክምና

የሕክምናው ሕግ አጭር ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም መፈተን። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ቢድንም በየትኛው መድኃኒት እንደዳነ አያውቅም።

በፊተኛው ጎማ ጀመርን። ከፊተኛው ሹካ ላይ ጫፉ ወደ ጎማው የተጠጋ ሽቦ አሥረን ጎማውን በእጅ አዞርነው። በቸርኬው ጠርዝና በሽቦው መካከል ያለው ክፍተት እምብዛም አልተለወጠም። በብዙ አምራቾች የጥገና መጽሐፍ ለቸርኬ የሚፈቀደው የመወላገድ መጠን 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ ከዚያ በታች ነበር። የቸርኬውን ሽቦዎች፣ ማለትም ራጂዎቹን፣ አንድ በአንድ በትንሽ ብረት መታናቸው። የተወጠረ ሽቦ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላ ግን የደነቆረ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም ጮኹ። ሽቦውን ወደ ላስቲኩ ስናስጠጋው ግን ክፍተቱ በአንድ ዙር ውስጥ በ4 ሚሊ ሜትር ተለዋወጠ። ከላስቲኩ ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ከቸርኬው እኩል መራቅ ሲኖርበት በአንድ ወገን ተሰውሮ ነበር። ኩሽኔታው ሲለወጥ ጎማው ተፈትቶ ሲመለስ ላስቲኩ በወጉ አልተቀመጠም ማለት ነው። አየሩን አውጥተን፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርሰን፣ በላስቲኩ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳናልፍ ቀስ በቀስ ነፋነው፤ መስመሩ ዙሪያውን እኩል ሲወጣም አየሩን ወደታዘዘው መጠን መለስን። የክፍተቱ ለውጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሆነ።

ከመንዳቱ በፊት ትንቢት ተናገርን፦ ትንታኔው ልክ ከሆነ ንዝረቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ «መምጣትና መሄዱ» ግን ይቆማል፤ አንድ አውታር ብቻውን አይጎላም አይደክምምና። እንደተባለው ሆነ። መሪው ረጋ፤ በመቀመጫውና በእግር መርገጫው ላይ ግን የማይለዋወጥ መናወጥ ቀረ።

የኋለኛውን ጎማ አውርደን በአክሰሉ ላይ፣ በሁለት መደገፊያዎች መካከል አንጠለጠልነው። በነጻ እየዞረ በቆመ ቁጥር አንድ ወገን ብቻ ወደ ታች ይመጣል፤ ከባዱ ወገን ያ ነው። ላስቲኩ ሲከፈት ከካላማዳሪው ጋር ተጣብቆ የተቆረጠ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተገኘ። ከወራት በፊት በመንገድ ላይ ላስቲኩ ሲቀደድ፣ ቀዳዳውን ለመሸፈን በውስጥ በኩል የተደረገ ኖሯል። በቤተ ሙከራው ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 61 ግራም መዘነ። ከዚያ ቁራጭ በስተጀርባ የሦስት ጣት ያህል ስንጥቅ ነበር። ወጣቱ ቁራጩን በእጁ እያገላበጠ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ከሞት የለየው ያ ቁራጭ ብቻ እንደነበረ ሁላችንም ገብቶን ነበር። ንዝረቱ ጠላቱ ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ኖሯል።

የተቀደደ ላስቲክ በሚዛን ማስተካከያ አይታከምም፤ በአዲስ ተተካ። አዲሱም ሲንጠለጠል ጥቂት ያዘነብል ስለነበር፣ ከከባዱ ወገን ትይዩ ባለው ራጂ ላይ የእርሳስ ሽቦ እየጠቀለልን በ15 ግራም አስተካከልነው። ባቆምነው ሥፍራ ሁሉ ሲቆም ሥራው ተፈጸመ።

ከሌሎች ሕመሞች ጋር እንዳይምታታ

በፍጥነት ጊዜ የሚነሣ መናወጥ ሁሉ ከጎማ ሚዛን የሚመጣ አይደለም። በሞተር ብስክሌት ላይ በእጅጉ የሚያሰጉ ሁለት ሌሎች ጠባዮች አሉ። አንደኛው መሪው ከ6 እስከ 10 ሄርዝ ባለው ድግግሞሽ ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት የሚመታበት ነው። ሁለተኛው ብስክሌቱ በሙሉ ከ2 እስከ 4 ሄርዝ እንደ እባብ የሚጥመለመልበት ነው። እነዚህ ከጎማው ዙር ጋር የግድ አብረው አይሄዱም። ብዙ ጊዜ የሚባባሱት የመሪው ኩሽኔታ ሲላላ፣ የኋላ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ቡሽ ሲያረጅ፣ የጎማ አየር ሲጎድል ወይም በኋለኛው መጫኛ ላይ ከባድ ጆንያ ተጭኖ የፊት ጎማው ሲቀል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ፍሬን በድንገት ሳይዝና ከመሪው ጋር ሳይታገል፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ በመቀነስ ፍጥነቱን ያበርድ። ከዚያም ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደዚያ ፍጥነት አይመለስ።

የጣቶች መደንዘዝም እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በእጅ ላይ የሚደርስ ንዝረት ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የእጅ ንዝረት አማካይ መጠን 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 እንዳያልፍም ደንግጓል። ዕለት ዕለት በሞተር ብስክሌት ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለሚንቀሳቀሱ ሠራተኞቻችን ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም።

መደምደሚያ

የዚህ ታሪክ ፊዚክስ ከ12ኛ ክፍል ትምህርት አያልፍም። ለስኬቱ ያስፈለጉት መሣሪያዎችም ጠመኔ፣ ሜትር፣ ሽቦና አንድ የእጅ ስልክ ናቸው። ጎድሎ የነበረው ዕውቀት አይደለም፤ ከመፍታት በፊት መጠየቅ፣ ከመጠየቅም በኋላ መልሱን ማዳመጥ ነው። ጋራዦቹም እኔም የጀመርነው ከመልሱ ነበር። ልዩነታችን እነርሱ መፍቻ፣ እኔ ቀመር መያዛችን ብቻ ነው።

ለተማሪ አንባቢያን አንድ መልመጃ ልተው። ኋለኛ ጎማው 1.80 ሜትር ዙሪያ ያለው ብስክሌት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በ22.2 ሄርዝ ይናወጣል፤ ፍሪሲዮን ሲያዝም አይጠፋም። ጎማው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይዞራል? ንዝረቱስ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ይመታል? ቸርኬውን አውርዳችሁ ብትለኩት ቅርጹ ምን የሚመስል ይመስላችኋል? ስሌቱን ሠርታችሁ ቁጥሩ ሁለት ከሆነላችሁ፣ ክብ መሆን የሚገባው ነገር እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሎ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ወጣቱ ዛሬም በየቅዳሜው ወረታ ይሄዳል። ቁራጩ ላስቲክ ግን በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ፣ «61 ግራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተቀምጧል። የንዝረትን ምዕራፍ ስጀምር መጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው፤ ቀመሩን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።